ሰው ሲለዋወጥ ደንቡ የት ያድራል? ስለ አሳታፊ ልቦለድና ስለ ማኅበርተኞቹ

ስለ ደራሲና ድርሰት፣ ስለ ድርሰትና ዘመን በእኛ የትምህርት ዘርፍ ብዙ ተጽፏል። ስለ ተደራሲም ጥቂት ተብሏል። እምብዛም ያልተነካው በደራሲውና በዘመኑ መካከል የሚገኘው ትንሽ ጉባኤ ነው፤ ማለትም አንድን የድርሰት ዓይነት ከመውደድ በቀር ሌላ ጥቅም ሳያስተሳስራቸው ለዓመታት የሚጽፉ፣ አንዱ የሌላውን የሚያነቡና እርስ በርስ የሚተቻቹ ሰዎች ስብስብ። እንዲህ ያለው ጉባኤ ደመወዝ አይከፍልም፤ ምስክር ወረቀትም አይሰጥም። የሚመጣው በፍቅሩ ይመጣል፤ የሚሄደው ሥራ ሲይዝ፣ ልጅ ሲወልድ ወይም ሲሰለቸው ሳይሰናበት ይሄዳል። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከመሥራቾቹ በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ጉባኤው ግን በዚያው ስም ይጠራል። እንግዲህ ሰዎቹ ሲለዋወጡ «ጥሩ ድርሰት» የሚለው ፍርድ የት ያድራል? ከማን ወደ ማንስ ይተላለፋል? ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ለመመርመር ይሞክራል።

ጥያቄው ወደ አቅራቢው የመጣው ከመጽሐፍ አይደለም። በማስተምርበት ክፍል የተማሪዎችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ለበርካታ ዓመታት በአማካሪነት ተከታትያለሁ። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይገባል፣ ነባሩ ተመርቆ ይወጣል፤ አራት ዓመት ሲሞላ ክበቡ ሙሉ በሙሉ በሌላ ሰው ተተክቶ ይገኛል። በአንድ ወቅት የነበሩት አባላት ቤት የማይመታ ግጥም አናዳምጥም ይሉ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጡት ደግሞ በዚያው ቁጣ ቤት መምታትን አሮጌ ብለው ሲነቅፉ ሰማሁ። ሁለተኞቹ ከእነርሱ በፊት የነበሩት ምን ይሉ እንደነበር አያውቁም። ሁለቱም ወገኖች ግን የየራሳቸውን አቋም «የክበባችን ልማድ» ብለው ይጠሩታል። ይህ አባባል ዕብለት አይደለም፤ ተናጋሪዎቹ ከልባቸው ያምኑበታል። ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

ክበቡ ራሱ ለጥናት አይመችም፤ የቃለ ጉባኤው ደብተር ገጾቹ የጎደሉ ነው። ስለዚህ ሥራዎቹም ክርክሮቹም በቀን በቀናቸው ተቀምጠው የሚገኙበት ሌላ ጉባኤ መርጫለሁ፤ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው የአሳታፊ ልቦለድ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በኮምፒዩተር መረብ የሚገናኝና አብዛኞቹ አባላቱ በአካል ተያይተው የማያውቁ ሲሆን፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እስካሁን ሳይቋረጥ ቆይቷል።

አሳታፊ ልቦለድ ስንል አንባቢው አንድ አንቀጽ ካነበበ በኋላ «ወደ ሰሜን ሂድ»፣ «ፋኖሱን አንሣ» የሚል አጭር ትእዛዝ እየጻፈ፣ ፕሮግራሙም ትእዛዙን ፈትቶ ቀጣዩን አንቀጽ እየሰጠው የሚዘልቅ ድርሰት ማለታችን ነው። ትረካው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛ መደብ ስለሚሄድ ዋናው ገጸ ባሕርይ «አንተ» ነው። ዘውጉን የጀመረው ዊል ክራውዘር የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ክራውዘር ዋሻ ማሰስ ይወድ ስለነበር በ1970ዎቹ አጋማሽ በኬንታኪ ግዛት ከሚገኘው ከማሞዝ ዋሻ የሚያውቀውን ክፍል መነሻ አድርጎ «አድቬንቸር» የተባለውን ሥራ ጻፈ። በስታንፎርድ የነበረው ዶን ዉድስ በ1977 አስፋፋው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩ ወጣቶች «ዞርክ»ን ሠሩ፤ ከተቋሙ የወጡ ሰዎችም በ1979 ኢንፎኮም የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያው ለጥቂት ዓመታት ዘውጉን በገበያ ካናኘው በኋላ በ1986 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ፣ በ1989 ተዘጋ። ሥዕል ያለው ጨዋታ መጥቶ ስለነበር ገበያው ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ጽሑፍ አልመለሰም።

የማኅበሩ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ውድቀት በኋላ ነው፤ ነጋዴው ሄደ፣ አንባቢው ቀረ። የቀረው አንባቢ የሚያነበው ሲያጣ ራሱ መጻፍ ጀመረ። ለዚህም መሣሪያ አስፈልጎታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ማይክ ሮበርትስ «ታድስ» የተባለውን፣ በ1993 ደግሞ እንግሊዛዊው ግራሃም ኔልሰን «ኢንፎርም» የተባለውን የመድረሻ ፕሮግራም አበረከቱ። ኔልሰን የሒሳብ ሊቅም ገጣሚም ነበርና በዚያው ዓመት «ከርስስ» የተባለውን ረጅም ሥራ በራሱ መሣሪያ ጽፎ አወጣ። የማኅበሩ ሥራዎች የሚከማቹበት ቤተ መዛግብት በ1992 ተከፈተ፤ ዓመታዊው ውድድር በ1995 ተጀመረ።

የመጀመሪያው ትውልድ የጥሩ ሥራን መለኪያ ከየት አመጣው? ኔልሰን በ1990ዎቹ ስለ ዘውጉ አደራረስ በጻፈው መጣጥፍ ውስጥ የአንባቢ መብቶች ዝርዝር አለ። አንባቢው ያለ ማስጠንቀቂያ መገደል የለበትም፤ ፍንጩ ከመጠን በላይ የተሰወረ መሆን የለበትም፤ ቀድሞ ሞቶ ካላየ በቀር ሊያውቀው የማይችለውን ነገር እንዲያውቅ መጠበቅ የለበትም፤ ወዘተ። ዝርዝሩ ላይ ላዩን ሲታይ የአደራረስ ምክር ነው። ልብ ብሎ ላነበበው ግን የቁስል መዝገብ ነው። ወጣትነቱን በ1980ዎቹ ጨዋታዎች ፊት ያሳለፈ፣ ሦስት ቀን ከደከመ በኋላ በመጀመሪያው ምዕራፍ አንዲት ዕቃ ሳያነሣ በማለፉ ብቻ መንገዱ ሁሉ ከንቱ እንደነበረ የተረዳ ሰው ያወጣው ሕግ ይመስላል። አንድሩ ፕሎትኪን ሥራዎችን በጭካኔያቸው መጠን በአምስት ደረጃ የከፈለበት መለኪያም የዚሁ ትዝታ ልጅ ነው። እነዚህ ደንቦች በእጃቸው ላሉ ሰዎች ሥነ ግጥም ብቻ አልነበሩም፤ የደረሰባቸውን የሚያስታውሱባቸው ነበሩ።

ቁስሉን ያላየ አዲስ አባል ሲመጣ ደንቡን ይቀበላል፤ ምክንያቱን ግን አይወርስም። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ የሽምጥምጥ መንገድ ነገር ነው። በ«አድቬንቸር» ውስጥ ክፍሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የሚመስሉበት መውጫው የተሰወረ ሥፍራ ነበር። ተከታዮቹ ደራሲያን ይህን እየደጋገሙ አንባቢውን አሰለቹት፤ በ1990ዎቹም ሽምጥምጥ መንገድ መጻፍ እንደ ነውር ይቆጠር ጀመር። በ1999 ፕሎትኪን «ሀንተር፣ ኢን ዳርክነስ» የተባለውን ሥራ ሲያወጣ በ1973 የተሠራውን «ሀንት ዘ ዋምፐስ» የተባለ ጥንታዊ የዋሻ ጨዋታ መነሻ አደረገ፤ ነውር የተባለውን ሽምጥምጥ መንገድም ሆን ብሎ አስገባው። በድሮው ጨዋታ ዋሻው ቁጥር ነበር፤ በፕሎትኪን ሥራ ድንጋይ፣ ውኃ፣ ጠባብ መሹለኪያና የሚያቃጥል ቁስል ሆነ። የድሮውን ጨዋታና ነውሩን የሚያውቅ አንባቢ በየገጹ ሁለት ነገር ያነባል። ታሪኩን ሳያውቅ የመጣ አንባቢ የሚያገኘው ጥሩ የዋሻ ታሪክ ነው፤ ሰሙ አለው፣ ወርቁ የለውም። የቅኔ መምህራን ታሪኩን ላልሰማ ተማሪ ቅኔውን ከመፍታታቸው በፊት ታሪኩን የሚነግሩት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ከቅኔ ቤት ጋር ያለው ልዩነት ሊታለፍ አይገባም። በቅኔ ቤትም ተማሪ ይመጣል፣ ተማሪ ይሄዳል፤ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ዋድላ ይዞራል። ነገር ግን በመካከል የሚቀመጥ መምህር አለ፤ ፍርዱ በእርሱ ዘንድ ያድራል። በአሳታፊ ልቦለድ ማኅበር ውስጥ የተቀመጠ መምህር የለም። ዕውቅ አባላትም ቢሆኑ ሄደዋል ወይም ሌላ ሥራ ይዘዋል፤ አንዱ ወደ ረጅም ልቦለድ፣ ሌላዋ ወደ ጨዋታ ኩባንያዎች። ስለዚህ ፍርዱ በሰው ካላደረ በሌላ ነገር ማደር አለበት።

የአቅራቢው እምነት ፍርዱ ከሁሉ በላይ በቀን መቁጠሪያውና በመሣሪያው ላይ አደረ የሚል ነው። በቀን መቁጠሪያው እንጀምር። በ1995 ውድድሩ ሲጀመር 12 ሥራዎች ቀረቡ። ዳኞቹ አባላቱ ራሳቸው ስለሆኑና ጊዜያቸው ውሱን ስለሆነ አንድ ዳኛ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳያነብ ፍርዱን እንዲሰጥ ተደነገገ። ደንቡ ለአመቺነት የወጣ ነው፤ ስለ ኪነ ጥበብ የተናገረው ነገር የለም። ያስከተለው ግን የዘውግ ለውጥ ነው። ኢንፎኮም የሚሸጠው ሥራ ገዢው ገንዘቡን እንዳያዝን ሳምንታት የሚፈጅ መሆን ነበረበት፤ «ከርስስ»ም በዚያው ልማድ የተጻፈ ነው። ከ1995 ወዲህ የመጣው አባል ግን የሚያውቀው በአንድ ምሽት የሚያልቀውን ነው። ረጅሙ ልቦለድ ወደ አጭር ልቦለድ ዞረ ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ይህን አንድም ሰው አልወሰነም፤ አንድም ሰው አልተከራከረበትም። አዲሱ አባል አጭርነትን የዘውጉ ተፈጥሮ አድርጎ ተቀበለው እንጂ የዳኞች ድካም ውጤት መሆኑን አላሰበም።

የአጭርነት ትልቁ ፍሬ አዳም ኬድር በ1998 ያሸነፈበት «ፎቶፒያ» ነው። በዚህ ሥራ ሊፈታ የሚገባው እንቆቅልሽ ከሞላ ጎደል የለም። ታሪኩ በአንዲት ወጣት ዙሪያ ነው፤ ልጅ እየጠበቀች ተረት ትነግራለች፣ በመጨረሻም ሰካራም በሚነዳው መኪና ምክንያት ትሞታለች። «አንተ» የሚለው ተውላጠ ስም ከአንዱ ገጸ ባሕርይ ወደ ሌላው ይዘላል፤ አንዴ አባት፣ አንዴ ሰካራሙ አጠገብ የተቀመጠ ተሳፋሪ፣ አንዴ ተረት የምትሰማው ሕፃን ነህ። አንባቢው ወጣቷን ለማዳን የቱንም ያህል ቢሞክር አያድናትም። አንባቢውን የሚጎዳውም ይህ ነው፤ ትእዛዝ እየጻፈ ትእዛዙ ዋጋ የለውም። ሥራው ሲወጣ «አንባቢው ምንም ሊያደርግ ካልቻለ አሳታፊ የሚያሰኘው ምንድን ነው?» የሚል ወቀሳ ተነሣበት። ወቀሳው ምክንያት አልባ አልነበረም። ለኢንፎኮም አንባቢ ዘውጉ ማለት ችግር መፍታት ነበርና። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን «ፎቶፒያ» አዲስ ለሚመጣ ሁሉ በቅድሚያ እንዲያነበው የሚሰጥ ሥራ ሆነ። ትናንት መጤ የነበረው ዛሬ ደጃፍ ጠባቂ ሆነ።

ስለ መጤ ከተነሣ አንድ ነገር ላንሣ። በዚያ ዘመን የኮምፒዩተር መረብ ተጠቃሚዎች «የማያልቅ መስከረም» የሚል አባባል ነበራቸው። በየዓመቱ በመስከረም ወር ገደማ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መረቡን ማግኘት ሲጀምሩ ለጥቂት ሳምንታት ሥርዓት ይፈርሳል፤ ነባሮቹ ያስተምሯቸውና ነገሩ ይረጋጋል። ከ1993 መጨረሻ ወዲህ የንግድ ድርጅቶች ደንበኞቻቸውን ያለማቋረጥ ሲያስገቡ ግን መስከረም አላባራ አለ። ለእኛ የአደይ አበባና የአዲስ ተስፋ ወር የሆነው ለእነርሱ የስድብ ቃል ሆኖ መቅረቱ ያስገርማል። ከምሬቱ በስተጀርባ ግን ትክክለኛ አስተውሎት አለ። ቁም ነገሩ አዲስ ሰው መምጣቱ ሳይሆን የሚመጣበት ፍጥነትና ነባሩ ለማስተማር ያለው አቅም አለመመጣጠኑ ነው። የአሳታፊ ልቦለድ ማኅበር ለረጅም ዘመን ከዚህ የተጠበቀው በትንሽነቱና መሣሪያው ለመማር ጊዜ የሚጠይቅ በመሆኑ ነበር። «ኢንፎርም»ን ለመማር መመሪያውን ማንበብ፣ ጥያቄ መጠየቅ፣ ከነባሮቹ ጋር መነጋገር ያስፈልግ ነበር። መሣሪያውን የተማረ ሰው ሳያስበው ልማዱንም ተምሮ ይወጣል።

ይህ አጥር የተሰበረው በ«ትዋይን» ነው። ክሪስ ክላይመስ በ2009 ያወጣው ይህ መሣሪያ ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰው አንቀጾችን በቃላት ማያያዣ እያገናኘ እንዲደርስ ያስችለዋል፤ አንባቢውም ትእዛዝ አይጽፍም፣ ቃል ይመርጣል እንጂ። በ2012 አና አንትሮፒ ማንም ሰው የራሱን ጨዋታ መሥራት እንደሚችል የሚሞግተውን መጽሐፏን ስታሳትም «ትዋይን» ይበልጥ ታወቀ። በዚህ የመጡት ጸሐፊዎች ኢንፎኮምን የማያውቁ፣ ስለ አንባቢ መብት ዝርዝር ያልሰሙ ነበሩ። የ«ኢንፎርም» መሠረታዊ አሃድ «ክፍል» ነው፤ ደራሲው ሥፍራ ይሠራል፣ በሥፍራው ዕቃ ያስቀምጣል። የ«ትዋይን» መሠረታዊ አሃድ «አንቀጽ» ነው፤ ደራሲው ቃል ይጽፋል፣ ቃሉን ከቃል ያያይዛል። በመጀመሪያው መሣሪያ ዓለም ይቀድማል፤ በሁለተኛው ድምፅ ይቀድማል። እንግዲህ ሁለቱ ትውልዶች የተለያዩት በዕድሜ ወይም በጠባይ ብቻ አልነበረም፤ እጃቸው የለመደው ነገር የተለያየ ነበር።

የፖርፐንታይን «ሃውሊንግ ዶግስ» በ2012 ውድድር የቀረበው በዚህ ወቅት ነው። ገጸ ባሕርይዋ በአንድ ጠባብ ሥፍራ ተዘግታለች። በየቀኑ ከማሽን ምግብና ውኃ ትወስዳለች፤ ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ገብታ ራእይ ታያለች፤ ትነቃለች፤ ቀኑ በአንድ ይጨምራል፣ ክፍሉ ይቆሽሻል። አንባቢው እነዚያኑ ጥቂት ቃላት ደጋግሞ ለመጫን ይገደዳል። በነባሩ መለኪያ ሲታይ ይህ ድህነት ነው፤ አንባቢው ሊሞክረው የሚችል ነገር የለምና። በእኔ ንባብ ግን የምርጫው ድህነት ራሱ ይዘት ነው። መታሰር ማለት ሌላ የሚጫን ቃል ማጣት ነው። ራእዮቹ በቋንቋ እጅግ የበለጸጉ፣ ክፍሉ ደግሞ በቋንቋ እጅግ የደኸየ መሆናቸው የሥራው ዐቢይ ዘዴ ነው። ትእዛዝ በሚጻፍበት ሥልት ቢሠራ ኖሮ አንባቢው ግድግዳውን ልስበር፣ ማሽኑን ልፍታ እያለ መታሰሩን ወደ እንቆቅልሽ በለወጠው ነበር።

በዚያው ዓመት የውድድሩን አንደኛነት ያገኘው በትእዛዝ የሚነበብ የማርኮ ኢኖሴንቲ ሥራ ነበር። በማኅበሩ ዘንድ ለዓመቱ ሥራዎች በሚሰጠው በሌላው ሽልማት ግን «ሃውሊንግ ዶግስ» በታሪክና በአጻጻፍ ተመረጠ። በአንድ ማኅበር ውስጥ ሁለት ፍርድ ተሰጠ ማለት ነው። ከዚህ ጋር ተያይዞ የተነሣውን «ይህ አሳታፊ ልቦለድ ነውን?» የሚል ክርክር ለሚያነብ ሰው የ1998ቱ ክርክር ቃሉ እንኳ ሳይለወጥ ተመልሶ የመጣ ይመስለዋል። የሚያሳዝነኝ መከራከራቸው አይደለም። «ፎቶፒያ»ን የዘውጉ ኩራት አድርጎ የያዘ ማኅበር ያንኑ ወቀሳ በሌላ ሥራ ላይ ሲያነሣ ራሱን አለማዳመጡ ነው። የክበባችን ተማሪዎች ትዝ ያሉኝ ይህን ሳነብ ነበር።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ዳኝነት መስማት የተለመደ ነው። አንዱ ነባሮቹ ሲሄዱ ጥራት ወደቀ ይላል፤ ሌላው አዲስ ደም ዘውጉን አዳነው ይላል። ሁለቱም አያረኩኝም። የመጀመሪያው እንዳይያዝ፣ ከ2012 በኋላም በትእዛዝ የሚነበቡ ሥራዎች መጻፋቸውን ቀጥለዋል፤ በ2013፣ በ2014ና በ2015 ውድድሩን ያሸነፉትም እነርሱ ናቸው። የሁለተኛው ችግር ደግሞ የጠፋውን ነገር አለመቁጠሩ ነው። በ2020 ለውድድሩ 103 ሥራዎች ቀርበዋል። 12 ሥራ ሲቀርብ ትጉህ አባል ሁሉንም ያነብ ነበር፤ አንዱ ስለ አንዱ ሥራ ሲናገር ሌላው ያውቀዋል። 103 ሲቀርብ አብዛኛው ሰው ጥቂቱን ብቻ ያነባል። ሁሉም ያነበቡት የጋራ ድርሰት ከሌለ፣ እንደ ፕሎትኪን ዋሻ በጋራ ትዝታ ላይ የሚቆም ድርሰት መጻፍ አስቸጋሪ ይሆናል። ይህን ኪሳራ ማንም ሆን ብሎ አላመጣውም፤ ስለዚህም ማንም አላለቀሰለትም።

ስታንሊ ፊሽ በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ትርጉም በጽሑፉ ወይም በግለሰቡ አንባቢ ሳይሆን በተርጓሚ ማኅበረሰብ ዘንድ እንደሚገኝ አስተምሯል። ተማሪዎቻችን ይህን በቃላቸው ያውቁታል። ፊሽ እነዚህ ማኅበረሰቦች እንደሚያድጉና እንደሚያንሱ፣ ሰውም ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሻገር አልካደም። ነገር ግን መሻገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፎት ይሄዳል፤ ከላይ ያየነው ጉዳይ ደግሞ ዋናው ሥራ በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንደተደበቀ ያሳያል። አባል ሲለወጥ የንባብ ስልቱ አብሮ የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ ማኅበረሰብ የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። ሳይለወጥ የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ ደግሞ «ፎቶፒያ» ከወቀሳ ወደ ኩራት ባልተሸጋገረ ነበር። ደንቡ በሰው አፍ ሳይሆን በሁለት ሰዓት ገደብ፣ በመሣሪያ መመሪያና በቤተ መዛግብት ሲተላለፍ ሥርዓቱ ይደርሳል፣ ምክንያቱ በመንገድ ይቀራል። የጎደለውን ምክንያት አዲሱ አባል ከራሱ ይሞላዋል፤ ሞልቶም «ጥንትም እንዲህ ነበር» ይላል።

ለዚህ የመጨረሻ ማስረጃ የሚሆነን የክራውዘር የመጀመሪያ ጽሑፍ ነው። ለረጅም ጊዜ በማኅበርተኞቹ ዘንድ ሲነገር የኖረው ታሪክ ክራውዘር የጻፈው እውነተኛውን ዋሻ የሚገልጽ ጭምት ሥራ ነበር፣ አስማቱንና ተረቱን የጨመረው ዉድስ ነው የሚል ነበር። የክራውዘር የመጀመሪያ ቅጂ ጠፍቷል ተብሎ ይታመን ስለነበር ታሪኩን የሚያፈርስ አልተገኘም፤ ትውልድ ለትውልድ እያቀበለ ቆየ። በ2005 ዉድስ በተማሪነቱ ዘመን በስታንፎርድ ከነበረው የፋይል ማኅደር መጠባበቂያ ውስጥ ቅጂው ተገኘ፤ ዴኒስ ጀርዝ የተባለው ተመራማሪም በ2007 ከጥናቱ ጋር አቀረበው። አስማታዊው ቃል በክራውዘር ጽሑፍ ውስጥ ነበር። ድንክዬዎቹም ነበሩ። ክራውዘር ደግሞ ይህ ሁሉ ሲነገር በሕይወት ነበር።